ሻሼ እየበላች ትከሳለች፤ የደም ወረቀቱ ግን «ኖርማል» ይላል

የሻሼ እናት (ሽምብጥ) — ኅዳር 21

ሰላም እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ ስለ ድመት ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ውስጥ ትንሽ ዓሣ ቤት አለችኝ። ጥብስ፣ ጉላሽ፣ ለብለብ እንሠራለን። ሻሼ የመጣችው ቤቱን በከፈትኩ በዓመቱ ነው። የጓሮ በር ላይ ቆማ ቆሮሶ ሲገፈፍ ታያለች። አንድ ጭንቅላት ወረወርኩላት፤ በዚያው ቀረች። ልጄ ያኔ አንደኛ ክፍል ነበረች፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። እንግዲህ ሻሼ ቢያንስ 13 ዓመቷ ነው። መላ አካሏ ግራጫ ሆኖ አናቷ ብቻ ነጭ ስለሆነ ሻሽ ያሰረች ትመስላለች። ስሙን ያወጣችላት ልጄ ናት።

ልጄ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ሻሼን የዓሣ ሚዛኑ ላይ ታወጣትና ኪሎዋን በኩሽናው በር መቃን ላይ በእርሳስ ትጽፋለች። የልጅነት ጨዋታ ነበር፤ ልማድ ሆኖ ቀረ። አሁን ያስደነገጠኝ ያ መቃን ነው። ለዓመታት 4.2፣ 4.3፣ 4.2 እያለ መጥቷል። አምና 3.7 ይላል። ዘንድሮ መስከረም 1 ቀን 3.2። ትናንት እኔው ራሴ መዘንኳት፤ 2.9።

ምግብ ብትተው ኖሮ ይገባኝ ነበር። እሷ ግን ባሰባት። ድሮ አንድ ጭንቅላትና ጅራት ይበቃት ነበር። አሁን ሁለት ጭንቅላት ጨርሳ ቢላዬ ሥር ትመጣለች። የደንበኛ ጠረጴዛ ረግጣ የማታውቅ ድመት ባለፈው እሑድ እንግዳ ሳህን ላይ ወጣች። ውኃም እንደዚሁ ነው። ዓሣ የምናለቀልቅበት ገንዳ አፍ ላይ ተንጠልጥላ ስትጠጣ አገኛታለሁ። ሽንቷ በዝቶ አሸዋዋን በቀን ሁለት ጊዜ እቀይራለሁ። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ያስመልሳታል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነሥታ ወዲያና ወዲህ እያለች ትጮኻለች። የርሃብ ጩኸቷን አውቀዋለሁ፣ ይሄ እሱ አይደለም። ሰው ጠፍቶባት የምትፈልግ ነው የሚመስለው። እንደ ሐር የነበረው ፀጉሯ ወገቧ ላይ ተጣብቆ ቆሟል። ስዳብሳት የጀርባ አጥንቷን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ።

መጀመሪያ የወሰድኳት አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ነው። ሆዷን ነካ ነካ አድርገው «ትላትል ነው» አሉና ክኒን ሰጡኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደገምነው። ለውጥ የለም። ሦስተኛ ስሄድ «እናቴ፣ አርጅታለች እኮ» አሉኝ። ማርጀቷንማ እኔም አውቃለሁ። ግን እርጅና ብቻውን እንዲህ እያስበላ ያከሳል?

ከዚያ ሌላ ወጣት ሐኪም ሰው ጠቆመኝ። እሱ ጊዜ ሰጥቶ አያት። ከፊት እግሯ ደም ቀድቶ የሚያውቀው የሰው ላብራቶሪ ዘንድ ይዞ ሄደ። ውጤቱ ይኸው፦ ስኳር 121። ክሬአቲኒን (የኩላሊት ምርመራው) 1.2። ቲ4 (የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን) 11.3፣ አጠገቡ (5 – 12) ተብሎ ተጽፏል። ቲኤስኤች (ዕጢውን የሚያዘው ሆርሞን) ሪኤጀንት፣ ማለትም መመርመሪያ ኬሚካሉ፣ አልቋል ተብሎ አልተሠራም። ቲ4 ፊት ለፊት «ኖርማል» ይላል። ሐኪሙ «የእንቅርት ዕጢዋን ጠርጥሬ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ደህና ናት አለ» ብሎኛል። እሱም ግራ እንደተጋባ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

አሁን ምን ላስመርምር? ደግሞ አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። 13 ዓመት ሙሉ ዓሣ ስላበላኋት ይሆን?


የግሽ ዓባይ ልጅ — ኅዳር 21

እትዬ፣ የእናቴ ድመት 12 ዓመት ላይ ልክ እንደዚህ ከስታ ሞተች። እኛም ዕድሜ ነው ብለን ተቀበልነው። በባጃጅ ጭነው ከክሊኒክ ክሊኒክ ባያንከራትቷት ይሻላል ባይ ነኝ። የምትወደውን እያበሏት በሰላም ትሂድ።


የሻሼ እናት (ሽምብጥ) — ኅዳር 21

ወንድሜ፣ ለእሷ አዝነህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ለመሄድ የተዘጋጀች አትመስልም። ለመሞት የተቃረበች ድመት አይቻለሁ፤ ጥግ ትይዛለች፣ ሰው ትሸሻለች። ይቺ ዛሬ ጠዋት ከመደርደሪያ ላይ የአምባዛ ቁራጭ ይዛ ሮጠች። ዕረፍት ነው ያጣችው። ከውስጧ የሆነ ነገር እየነዳት ነው።


የእንስሳት ሐኪም (ጎንደር) — ኅዳር 22

የሻሼ እናት፣ ጤና ይስጥልኝ። ያንን ወረቀት ደግመው ይመልከቱት። ከ5 እስከ 12 የሚለው የሰው ልክ ነው።

ማሽኑ ደሙ የማን እንደሆነ አያውቅም። ያገኘውን ቁጥር ከሰው ልክ ጋር ያስተያይና «ኖርማል» ብሎ ያትማል። የድመት ቲ4 ግን ከሰው በጣም ያነሰ ነው። ላብራቶሪ ከላብራቶሪ ትንሽ ቢለያይም ጤነኛ ድመት ላይ የምንጠብቀው ከ1 እስከ 4 ማይክሮግራም በዴሲሊትር አካባቢ ነው። ስለዚህ የሻሼ 11.3 ከላይኛው ወሰን ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«የሰው ማሽን የለካው ቁጥር ይታመናል ወይ?» ቢሉኝ፣ ቲ4 በሰውም በድመትም ያው አንድ ሞለኪውል ነው። ሊለካው ይችላል። የሚያሳስተው አጠገቡ ያለው ልክ ነው። ቲኤስኤች ግን ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል፣ የሰው ሪኤጀንት የድመቷን በትክክል አያነብም። በማለቁ የቀረብዎት ነገር የለም።

የነገሩኝ ሁሉ አንድ ላይ ሲታይ የታይሮይድ፣ እኛ የእንቅርት ዕጢ የምንለው፣ ከልክ በላይ መሥራት ነው። በድመት ላይ ይህ በሽታ መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸው ከ10 በላይ በሆኑ ድመቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት የሆርሞን በሽታዎች አንዱ ሆኗል። ዕጢው አንገት ላይ ከጉሮሮ ግራና ቀኝ ነው ያለው። ያብጥና ማንም ሳያዘው ሆርሞን ያመርታል። ሆርሞኑ የመላ አካሉን ሥራ ያፋጥናል፤ የበላችው ወዲያው ይቃጠላል፣ ከዚያም ጡንቻዋ ራሱ ይሄዳል። ልብ ያለ ዕረፍት ይመታል። የሌሊቱ ጩኸትም ከዚሁ ነው። ካንሰር ይሆን ብለው እንዳይሰጉ፦ ክፉ እባጭ የሚሆነው ከመቶ ሁለት ወይም ሦስቱ ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ያድርጉልኝ። አንደኛ፣ ቤት ውስጥ ጭልጥ ብላ ስትተኛ ከግራ ክንዷ ሥር ደረቷ ላይ እጅዎን ያሳርፉ። ምቱን ለ15 ሰከንድ ቆጥረው በአራት ያባዙ። ተኝታ ከ200 በላይ ከሆነ ደህና አይደለም። ክሊኒክ ውስጥ የተቆጠረ አይጠቅመኝም፤ በፍርሃት ብቻ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ወረቀቱንና ይህን ጽሑፍ ለዚያ ወጣት ሐኪም ያሳዩት። መጠርጠሩ ትክክል ነበር። አንገቷን በደንብ ይዳስስ፣ ሽንቷንም ይመርምር። የኩላሊት በሽታም ሆነ የስኳር በሽታ ውኃ ያስጠጣሉ፣ ያከሳሉ። ስኳሯ ደህና ነው። የክሬአቲኒኗን ነገር ግን ቆይተን እናየዋለን።

የዓሣው ጉዳይ። የበሽታው መነሻ አንድ ነገር ነው ተብሎ እስካሁን አልተረጋገጠም። ጥናቶች የቆርቆሮ የድመት ምግብን፣ በምግብ ውስጥ የአዮዲን ማነስና መብዛትን፣ እሳት እንዳይዛቸው ተብሎ ሶፋና ምንጣፍ ላይ የሚደረጉ ኬሚካሎችን ከበሽታው ጋር አያይዘዋል።  ስለዚህ እርስዎ አመጡባት ማለት አይቻልም። የጉላሽና የለብለብ ትርፍ ብቻ አይስጧት፤ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል።


የሻሼ እናት (ሽምብጥ) — ኅዳር 22

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህንን ያነበብኩት ዘይት እሳት ላይ ጥጄ ነው፤ አወረድኩትና ቁጭ አልኩ። ወረቀቱን ሦስት ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞሬያለሁ። «ኖርማል» የሚለውን እንጂ ቅንፉ የማን ልክ እንደሆነ ማን ይጠይቃል? ቅዳሜ ልጄ ከግቢ ትመጣለች፣ አብረን እንቆጥራለን።


ከሚኒሶታ — ኅዳር 23

የሻሼ እናት፣ አይዞሽ። የእኔም ድመት በ14 ዓመቱ ይሄው ነበረበት። እዚህ የምንመርጠው ከአራት መንገድ ነበር። በቀን ሁለቴ የሚሰጥ ክኒን አለ። ዕጢውን በኦፕሬሽን ማውጣት አለ። አዮዲኑ የተቀነሰ ልዩ ምግብ አለ፤ ግን ከዚያ ውጭ አንዲት ጉርሻ ከቀመሰች አይሠራም፣ በዓሣ ቤት የምትኖር ድመት ላይ አይታሰብም። አራተኛው ጨረር ያለው አዮዲን ነው። አዮዲን የሚስበው ያው ዕጢ ስለሆነ መርፌው ሄዶ የታመመውን ክፍል ብቻ ያቃጥላል። አንድ ጊዜ ተወግተው ከመቶ 95 ያህሉ ይድናሉ። የእኔም ድኗል። ከሰውነቱ የሚወጣው ጨረር እስኪቀንስ ለቀናት ሆስፒታል አስቀመጡት፤ ቤት ከመጣ በኋላም አሸዋውን በጥንቃቄ ነበር የማነሣው። ዋጋው በሺዎች ዶላር ነው፣ ልዩ ፈቃድ ያለው ቦታም ይፈልጋል።

ባሕር ዳር ላይ መንገድሽ ክኒኑ ነው። በእሱም ብዙ ድመቶች ዓመታት ይኖራሉ። እኔም መርፌው እስኪደርሰኝ ለአራት ወር እሱን ነበር የሰጠሁት። ያኔ ነፍሰ ጡር ስለነበርኩ ሐኪሙ ክኒኑን በእጄ እንዳልነካ ከልክሎኝ ባለቤቴ ነበር የሚሰጠው።


ፋርማሲስት (ባሕር ዳር) — ኅዳር 23

ከላይ በተጻፈው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ዝም ብዬ ባልፍ ይቆጨኛል። እህቴ፣ «የእንቅርት መድኃኒት» ብለሽ ፋርማሲ ከገባሽ ፒ.ቲ.ዩ. ሊሰጡሽ ይችላሉ። ሙሉ ስሙ ፕሮፒልታዮዩራሲል ነው። እኛ አገር ለሰው ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው እሱ ነው። ለድመት አይሆንም። ድሮ ተሞክሮ ደማቸውን አበላሽቶ ትተውታል፤ ቀይ የደም ሕዋስ ይሰባብራል፣ ደም የሚያረጋውን ፕሌትሌት ያወርዳል። ለድመት የሚሆነው ሜቲማዞል ወይም ካርቢማዞል ነው። ካርቢማዞል ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ሜቲማዞል ይለወጣል። ግን ሚሊግራሙ እኩል አይደለም፤ አንዱን በሌላው ስትተኪ ሐኪሙ ያስላው። በሐኪም ወረቀት ብቻ ውሰጂ፣ ሳጥኑ ላይ ያለውንም ስም አንብቢ። ስትቆርጪው ጓንት አድርጊ። ዱቄቱ በቆዳ ይገባል።


የሻሼ እናት (ሽምብጥ) — ኅዳር 29

ተመልሻለሁ። ጾሙ ስለገባ ዓሣ ፈላጊው በዝቶ ቶሎ መጻፍ አልቻልኩም።

ቅዳሜ ማታ ቆጠርን። ሻሼ ምድጃው አጠገብ ጆንያዋ ላይ ተኝታ ነበር። እጄን ከክንዷ ሥር አስገባሁ። የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ፤ ልብ ሲመታ ሳይሆን የስፌት መኪና ሲሄድ ነው የሚመስለው። በቃል መቁጠር አቃተን። ልጄ መላ አመጣች። እኔ በየምቱ «ቲ፣ ቲ፣ ቲ» እላለሁ፣ እሷ ወረቀት ላይ በእርሳስ ነጥብ ትጥላለች። 15 ሰከንድ ሲሞላ ነጥቦቹን ቆጠርን፤ 57። ደገምነው፤ 59። ሲባዛ 228 እና 236። ልጄ እርሳሱን አስቀምጣ ሻሼን አቀፈቻት።

ሰኞ በዘንቢል ይዣት ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም የዶክተርን ጽሑፍ በስልኬ ላይ ሁለት ጊዜ አነበበው። ምንም አላፈረም፣ ይሄን ወድጄለታለሁ። ወረቀቱን ተቀብሎ (5 – 12) የሚለውን ሰርዞ በእጁ (1 – 4) ብሎ ጻፈበት። ከዚያ አገጯን ቀና አድርጎ በአውራ ጣቱና በጠቋሚው ከጉሮሮዋ እስከ ደረቷ ቀስ ብሎ ወረደ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ጣቴን ይዞ እዚያው አስቀመጠልኝ። የተነከረች ሽምብራ የምታህል ነገር በጣቴ ሥር ሸርተት አለች። በግራ በኩል ናት። 13 ዓመት አንገቷን ሳክክላት ኖሬ አንድም ቀን አልነካኋትም ነበር።

ሽንቷን አየ፤ ስኳር የለውም፣ ግን ቀጭን ነው አለ። ልቧን ሲያዳምጥ ከምቱ ጋር የሚንሿሿ ድምፅ አለው። ዓይኗንም በባትሪ ተመለከተ። የደም ግፊት ዓይንን በድንገት ሊያጠፋ ይችላልና ብርሃን ላይ ብሌኗ ሰፍቶ ከቀረ ወይም ከዕቃ ጋር መጋጨት ከጀመረች በዚያው ቀን አምጪያት ብሎኛል።

መድኃኒቱ ሦስተኛው ፋርማሲ ላይ ተገኘ። የመጀመሪያው ያወጣልኝ ፒ.ቲ.ዩ. ነበር! ፋርማሲስቷ እህቴ፣ ያንቺን ጽሑፍ ባላነብ ኖሮ ከፍዬ ይዤው እወጣ ነበር። አሁን የያዝኩት ሜቲማዞል 5 ሚሊግራም ነው። ሩብ ክኒን ጠዋት፣ ሩብ ማታ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ 1.25 ሚሊግራም። ለምን እንዲህ አነሰ ብዬ ብጠይቅ፣ ከዝቅተኛው ተነሥተን ደሟን እያየን እንጨምራለን አለኝ።

የጨነቀኝ አሰጣጡ ነው። መጀመሪያ ቀን ቆሮሶ ውስጥ ደበቅኩላት። ዓሣውን በልታ ሩቧን ክኒን መደርደሪያ ሥር ተፍታታለች። ምን ታደርጋላችሁ?


ከሚኒሶታ — ኅዳር 29

ሦስት ጉርሻ አዘጋጂ። የመጀመሪያው ባዶ ነው። ክኒኑ ሁለተኛው ውስጥ ይግባ። ሦስተኛውን አፍንጫዋ ሥር ያዢላት፤ እሱን ለማግኘት ቸኩላ ሁለተኛውን ሳታኝክ ትውጠዋለች። በጆሮ ውስጥ የሚቀባ ቅባትም አለ፣ ግን ለየድመቱ የሚቀምመው ፋርማሲ ይፈልጋል።


የእንስሳት ሐኪም (ጎንደር) — ኅዳር 30

ወጣቱ ባልደረባዬ በትክክል ይዞታል። ከእርስዎ የምፈልገው በንቃት መከታተል ነው። ክኒኑ ጉዳት ካመጣ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ማስመለስና ምግብ መተው ሊመጣ ይችላል፤ ከምግብ ጋር ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ፊቷን እስኪደማ ከቧጨረች፣ ድድዋ ወይም የዓይኗ ነጭ ቢጫ ከመሰለ፣ ወይም ተኩሷት ከተዘፈዘፈች ክኒኑን አቁመው ወዲያው ይውሰዷት። ትኩሳት ከሆነ ነጭ የደም ሕዋሷ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቲ4፣ ሙሉ የደም ቆጠራ እና ክሬአቲኒን አብረው ይሠሩ።

ክሬአቲኒኑን ለምን አጥብቄ እንደምጠይቅ ልንገርዎት። ይህ ሆርሞን ሲበዛ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይጨምራል፣ ኩላሊትም ከአቅሙ በላይ ያጣራል። ጡንቻዋም ስለሟሸሸ ክሬአቲኒኑ ዝቅ ብሎ ይታያል። የደከመ ኩላሊት ቢኖራት እንኳ ወረቀቱ ላይ አይወጣም። ሆርሞኑ ሲስተካከል ነው የሚገለጠው። 1.2 የሚለውን አይቼ ያለፍኩት ለዚህ ነው። ሽንቷ ቀጭን ነው ሲሉኝ ደግሞ ይበልጥ አሰብኩ።


የሻሼ እናት (ሽምብጥ) — ታኅሣሥ 21

የሦስት ሳምንቱ ምርመራ ደርሷል። ቲ4 ከ11.3 ወደ 6.2 ወርዷል። የደም ቆጠራዋ ደህና ነው። ክሬአቲኒን 1.4። ሐኪሙ ክኒኑን ግማሽ ጠዋት፣ ግማሽ ማታ አድርጎታል።

የሦስቱ ጉርሻ ዘዴ ሠርቷል። ከቆሮሶ ሆድ አካባቢ ለስላሳውን ሥጋ በእንፋሎት ያለ ጨው አበስለዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ቀን አስመልሷት ፈርቼ ነበር፤ ከምግብ ጋር ሲሆን ቆመ። ክብደቷ 3.0 ነው። መቶ ግራም ብቻ ነው የጨመረችው። ከ2.9 ላይ አለመውረዷን ግን እኔ አውቀዋለሁ፤ ስንት ወር ወደ ታች ብቻ ሲሄድ የነበረ ቁጥር ነው።

ደግሞ ትናንት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቃሁ። ጩኸት ሳልሰማ ነቃሁ። ደንግጬ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ጆንያዋ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች።


የግሽ ዓባይ ልጅ — ታኅሣሥ 21

እትዬ፣ ያን ቀን የጻፍኩት ከልቤ ነበር፣ ግን ተሳስቻለሁ። የእናቴም ድመት ሌሊት ሌሊት ትጮኽ ነበር። ለእናቴ አነበብኩላት፣ ዝም ብላ ሰማችኝ። ለሻሼ ከእሷ ዘንድ ሰላምታ አለ።


የሻሼ እናት (ሽምብጥ) — ታኅሣሥ 22

እናትህን ሳምልኝ። ያላወቁትን በሽታ ማንም አያክምም። እኔም በሩ መቃን ላይ ባይጻፍ ኖሮ መክሳቷ አይታየኝም ነበር፤ በየቀኑ የሚያዩት ነገር ሲቀንስ አይታወቅም።


የሻሼ እናት (ሽምብጥ) — ጥር 14

ከጥምቀት በኋላ ወሰድኳት። ቲ4 2.4። በድመት ልክ፣ በራሷ ልክ ማለት ነው። ልቧ ተኝታ 168። ክብደቷ 3.4።

ግን ዶክተር እንዳሉት ሆነ። ክሬአቲኒኑ 1.9 መጣ። ኩላሊቷ ደክሟል፣ ተሸፍኖ ነበር የቆየው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለውን ስንት ጊዜ ተርቼዋለሁ፤ በእውነተኛ እንቅርት ላይ ሲመጣ ግን ቃሉ ራሱ ከበደኝ። ባጃጅ ውስጥ ዘንቢሉን አቅፌ አለቀስኩ። መድኃኒቱ ይሆን ያመጣባት? ላቁመው?


የእንስሳት ሐኪም (ጎንደር) — ጥር 14

እንዳያቆሙ። መድኃኒቱ ኩላሊቷን አልጎዳም፤ ተደብቆ የነበረውን አሳየን እንጂ። ሆርሞኑ ተመልሶ ቢነሳ ቁጥሩ ያምርልናል፣ ኩላሊቱ ግን ከውስጥ ያልቃል፤ ልቧም አብሮ። 1.9 መጀመሪያ አካባቢ ያለ ድካም ነው፤ በዚህ ደረጃ ብዙ ድመቶች ዓመታት ይኖራሉ። ቲ4 ከ1 በታች እንዳይወርድ ብቻ እንጠንቀቅ፤ ከልክ በላይ ዝቅ ማለቱ ራሱ ኩላሊትን ይጎዳል። ከአንድ ወር በኋላ ይደገም፣ ከተረጋጋ በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ።

ከምግቧ የዓሣ ጭንቅላትና አጥንት ይውጣ። ፎስፎረሱ ያለው እዚያ ነው፣ ለደከመ ኩላሊትም ይከብዳል። ሥጋውን ይስጧት፣ የተቀቀለበትንም ውኃ ያለ ጨው ይጨምሩላት። የሚጠጣ ውኃ ሁለት ሦስት ቦታ ያስቀምጡ።


የሻሼ እናት (ሽምብጥ) — ጥር 14

እሺ ዶክተር። ጭንቅላት የለመደች ናት፣ ትቆጣኛለች። ቢሆንም እሺ።


ከዘጌ — ጥር 16

ሰላም እህቴ። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የእኔ ድመት 11 ዓመቱ ነው፣ ይበላል፣ ትንሽ ከሳ መሰለኝ። ግን እርግጠኛ አይደለሁም። እንደ እናንተ የተጻፈ ነገር የለኝም። ከምን ልጀምር?


የሻሼ እናት (ሽምብጥ) — ጥር 16

እህቴ፣ ከሚዛን ጀምሪ። ዛሬውኑ መዝኚውና ቀኑን ጽፈሽ አስቀምጪ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገሚው። ማታ ሲተኛ ልቡን እንደኛ በነጥብ ቁጠሪ። ለምርመራ ከሄድሽ ወረቀቱ ላይ ያለው ልክ የሰው ይሁን የድመት ለይተሽ ጠይቂ። የመጀመሪያው ምርመራ ጥርት ያለ መልስ ካልሰጠ ደግሞ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይደገማል፤ የእኛ ሐኪም ቁጥሩ ገና ሲጀምር ከፍ ዝቅ ይላል ብሎኛል።

ሚዛን ከሌለሽ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር የምትመጪ ቀን ይዘሽው ነይ። የእኔ የዓሣ ሚዛን ግራም ድረስ ያነባል። ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ይሁን፣ ዓሣው ከመድረሱ በፊት።